ለሁለት የተያዘ ጠረጴዛ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለወንድሜ ለሚስማር፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። አንተስ፣ ልብስ ሰፊዋ ባለቤትህስ እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም ቢሆን ድሮ የሚያጉረመርመው ምድጃ ሥር ቆሜ ስውል ነበር፤ አሁን ምድጃውም ስለቀረ ሁለታችንም ሥራ ፈተን ተቀምጠናል።

«ጡረታ እንዴት ይዞሻል?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ምን ልበልህ? ጠዋት አሁንም በዚያው በሥራ ሰዓቴ እነቃለሁ፤ ከነቃሁ በኋላ ግን የምሄድበት የለኝም። ባለፈው ለራሴ ሾርባ ልሥራ ብዬ ሳላስበው ትልቁን ድስት ሞልቼ ሠራሁና በየጎረቤቱ ሳዞር ዋልኩ። ሰዎቹም «ምን ተገኝቶ ነው?» አሉኝ። ምንም አልተገኘም አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ ምንም አልተገኘም።

አንድ ነገር ግን አለ። የሆስፒታሉ ሰዎች ሲሸኙኝ ሐኪሞቹም፣ ነርሶቹም፣ የወጥ ቤቱ ልጆችም አዋጥተው በመዝናኛ መርከብ የአንድ ሳምንት ጉዞ ሰጡኝ። መጀመሪያ የቀለዱብኝ መስሎኝ ነበር። የትኛዋ መርከብ እንደምትሆን የምመርጠው ራሴ ነኝ። የጉዞ ወኪሏ የሦስት ኩባንያዎች መጽሔት አሸክማ ሰደደችኝ። ሦስቱም «ውብ ዲዛይን፣ ምርጥ ምግብ» ነው የሚሉት። ሁሉም አንድ ዓይነት ካወሩ በምን ልለያቸው?

አትሳቅብኝና የምፈልገውን ልንገርህ። ዕድሜ ልኬን ጨው የሌለው ምግብ በትልልቅ ድስት ቀቅዬ፣ በትሪ ደርድሬ፣ ለተኛ ሕመምተኛ ሳደርስ ኖርኩ። እኔ ራሴ የምበላው እዚያው ቆሜ፣ ከማማሰያው ጫፍ እየቀመስኩ ነበር። እንግዲህ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ባማረ ክፍል ውስጥ፣ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ይዤ፣ ሌላ ሰው ያበሰለውን ሌላ ሰው እንዲያቀርብልኝ እፈልጋለሁ። ብቻዬን ግን አይደለም። ብቻዬን መብላትማ እዚሁ ቤቴ ሞልቶኛል።

ወኪሏ «ጠረጴዛ ለስንት ሰው ይያዝልዎ?» ስትለኝ አፌ ቀደመኝና «ለሁለት» አልኳት። ስጦታውም ለሁለት ሰው ነው፤ ክፍሉም ባለ ሁለት አልጋ ነው። ሁለተኛው ሰው አንተ ነህ። ባለቤትህ አንድ ሳምንት ብትለቅህ የሚቀርባት ነገር የለም፤ እንዲያውም ታርፋለች። መርከቦቹን ደግሞ ከእኔም ከወኪሏም ይልቅ የምታውቃቸው አንተ ነህ፤ ወንበራቸውን የምታለብሰው አንተ አይደለህ? የትኛዋን ልያዝ? ቶሎ ጻፍልኝ።

የምትወድህ እህትህ


ኅዳር 2

ለውድ እትዬ፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሰሞኑን አንዲት ትልቅ መርከብ ለእድሳት ገብታ ከምግብ አዳራሿ የወጣው ወንበር ግቢያችንን ሞልቶት ነበር። ሚስማር በአፌ ይዤ ስውል እንኳን ደብዳቤ ልጽፍ ሰላምታም መመለስ አልችልም፤ ስሙን ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽና ታውቂዋለሽ። ባለቤቴ ደህና ናት። በጣም ሰላም ብላሻለች።

መጽሔቶቹን ተያቸው። መጽሔት ላይ ሁሉም ወንበር ምቹ ነው። ሦስቱንም ከነሆዳቸው የማውቃቸው እኔ ነኝ፤ እኛ ሠራተኞቹ የየራሳቸውን ቅጽል ስም ሰጥተናቸዋል።

የመጀመሪያዋ «ባለ መስታወቷ» ናት። የምግብ አዳራሿ ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ ደረጃውም ግድግዳውም መስታወት ነው። ስትቀመጪ ባሕሩ አብሮሽ ማዕድ የቀረበ ይመስላል። ለዓይን እሷን የምታህል የለችም። ወንበሯ ብቻ ጀርባው ቀጥ ያለ ነው፤ ዲዛይኑን የሠራው ሰው ተቀምጦ በልቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሁለተኛዋ «አሮጊቷ» ናት። እንጨቷ የእውነት እንጨት ነው፣ መብራቷ ሞቅ ያለ ነው፣ ሳህኖቿ ጠርዛቸው ወርቅማ ነው። እሷ ላይ ሁሉም ሰው ማታ ማታ በተመደበለት ጠረጴዛ፣ ከተመደቡለት ሰዎች ጋር ይበላል። ጥሩ ሰው ከደረሰሽ ሳምንቱ ሳታውቂው ያልቃል። ስለ ኩላሊቱ የሚያወራ ከደረሰሽ ግን ሆስፒታል ተመልሰሽ ገባሽ ማለት ነው።

ሦስተኛዋ «አረንጓዴዋ» ናት። ጥቁር አረንጓዴ ቆዳ ያለበስኳት እኔ ነኝ። አንድ ትልቅ አዳራሽ የላትም፤ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ናቸው ያሏት፤ ዝቅ ያለ መብራት፣ ጠረጴዛው ራቅ ራቅ ያለ፣ በፈለግሽ ሰዓት በፈለግሽው ቤት የምትበዪባት። ወንበሯ ስትቀመጪበት ይቀበልሻል። የእጅ ሥራዬ ስለሆነ አይደለም የምልሽ። ግን ምን ያደርጋል፣ ወጥ ቤቷ ከላይኛው ምግብ ቤት ሩቅ ነው። ሾርባው ቀዝቅዞ ነው የሚደርሰው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ስለዚህ ባለ መስታወቷን ያዢ። ለጀርባሽ የሚሆን ትንሽ ትራስ ሠርቼ እልክልሻለሁ። ጉልበትሽን ቅባት እሺው።

ወንድምሽ


ኅዳር 17

ለሚስማር፣

ደብዳቤህን አገላብጬ አነበብኩት። ስለ ደረጃ፣ ስለ ወንበር ጀርባ፣ የማናውቀው ሰው ኩላሊት ሳይቀር ጽፈሃል። «እመጣለሁ» ወይም «አልመጣም» የሚል ግን የትም ቦታ የለበትም። ወረቀት አልቆብህ ነው?

ስለ ሾርባው አንተ አትጨነቅ። እኔ ከምድር ቤት ወጥ ቤት ተነስቶ በአሳንሰር እየወጣ በየኮሪደሩ የሚንከራተት ሾርባ በትኩሱ ሳደርስ ኖሬአለሁ። ክዳንና የሞቀ ሳህን ነው የሚፈልገው። ይህን የማያውቅ አብሳይ እንደዚህ ያለ መርከብ ላይ ቢቀጠር ነው የሚገርመኝ። አንተ ስለ ቆዳ አውራ፣ ስለ ሾርባ ለእኔ ተው።

ይልቅ የአረንጓዴዋን የጉዞ ካርታ ዘርግቼ በጣቴ ስከተለው አምስተኛው ቀን ላይ የት ትቆማለች መሰለህ? አንተ ከተማ! ከጠዋት እስከ ማታ። ሳታውቅ ቀርተህ አይደለም። ባለ መስታወቷ ደግሞ በዚያ በኩል ዝርም አትልም። እህቱ ደጃፉ ድረስ ስትመጣለት ስለ ሾርባ መቀዝቀዝ የሚያወራ ወንድም አይቼ አላውቅም። ምነው? ተጣላን እንዴ ሳላውቀው?

ለማንኛውም አንድ ነገር ባለቤትህን ጠይቅልኝ። እነዚህ መርከቦች ላይ አንድ ሁለት ማታ ሰው በደንብ ለብሶ ነው አሉ እራት የሚቀርበው። እኔ ከነጭ ጋውን በቀር ምን አለኝ? ምን ዓይነት ጨርቅ ልግዛ፣ እንዴት ላሰፋ? እንደ ድሮው በራሷ እጅ ትጻፍልኝ። በፊት ከደብዳቤህ ግርጌ አንድ ሁለት መስመር ሳትጨምር አትለቅህም ነበር፤ አሁን አሁን ሰላምታዋን በአንተ አፍ ነው የምሰማው። ምን አጥፍቼባት ነው?

እህትህ


ታኅሣሥ 1

ለውድ እትዬ፣

ምን ያጣላናል! ምንም አላጠፋሽም። እኔንም እንደተጣላሁሽ አትቁጠሪኝ።

መምጣቱ ግን አይሆንልኝም። እንዳትቀየሚኝ። ባለቤቴ ሥራ በዝቶባታል፤ ለብቻዋ ትቻት ብሄድ ደስ አይለኝም። አንቺም ብትሆኚ እንዲያ ትመክሪኝ ነበር። ከጎረቤቶችሽ አንዷን ይዘሽ ሂጂ።

ስለ ቀሚሱ ጠይቄያታለሁ። እጇ ሥራ ላይ ስለሆነ እኔ እንድጽፍልሽ ነግራኛለች። እንዲህ ነው ያለችው፦ «ቬልቬት እንዳትገዢ፤ መቀመጫው ላይ ቶሎ ይሳሳል፣ ያብለጨልጫልም። ጠንከር ያለ፣ እድፍ የማያሳይ፣ መረቅ ቢፈስበት በእርጥብ ጨርቅ የሚጠረግ ይሁን። ስፌቱ ድርብ ይሁን። ማዕዘኖቹ ላይ በደንብ መወጠሩን እዪ፤ እዚያ ላይ ከላላ ይሸበሸባል። ከሥሩ ስስ ስፖንጅ ቢገባበት ደግሞ ቅርጹን ሳይለቅ ብዙ ዓመት ያገለግላል።»

ይህን ነው ያለችው። ትራሱን ጀምሬልሻለሁ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 14

ሚስማሬ፣

መጀመሪያ ሳቅሁ። ወጥ ቤት ቆሜ ነበር የማነበው፤ «ማዕዘኖቹ ላይ በደንብ መወጠሩን እዪ» የሚለው ጋ ስደርስ ሳቄ መጣና ምጣዱን ይዤ ነው ያልወደቅሁት። ጨርሼ ከሳቅሁ በኋላ ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ያቺ ልጅ የሰው ወገብ በዓይኗ የምትለካ ልጅ ናት። ለሰው ቀሚስ ስፖንጅ አታስገባም። ይህን የጻፈው በሕይወቱ ከሶፋ በቀር ምንም ነገር አልብሶ የማያውቅ ሰው ነው። እሷ ቤት ውስጥ ብትኖር ደግሞ ከትከሻህ ላይ አጮልቃ አይታ፣ እስክሪብቶውን ከእጅህ ነጥቃ፣ እየሳቀች እሷው ትጽፍልኝ ነበር።

ቤት ውስጥ የለችም፣ አይደል?

ከመቼ ጀምሮ ነው? ለምን እንደሆነ ካልፈለግህ አትንገረኝ። ማን አጠፋ ብዬም አልጠይቅህም። ሰላምታዋን እየፈጠርክ ስትልክልኝ መኖርህ ግን አንጀቴን በላው። እዚያ ብቻህን ነህ ወይ? ይህን ብቻ ንገረኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 30

እትዬ፣

አዎ። ብቻዬን ነኝ። ዓመት አልፎታል።

ጠብ አልነበረም። «ቤቱ ጸጥ አለብኝ» አለችኝ። እኔ ቀኑን ሙሉ በመዶሻ ጩኸት ውዬ ስገባ ጸጥታውን እንደ መኝታ ነበር የምናፍቀው። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ጸጥታ ውስጥ ስትሰፋ ነበር የምትውለው፤ ማታ ደግሞ እኔ መጣሁና ጨመርኩበት። አሁን እህቷ ዘንድ ነው ያለችው። ደህና ናት ይሉኛል።

ጠረጴዛውንም ወንበሮቹንም ውሰጂ ያልኳት እኔው ነኝ። አንድ ወንበር አስቀረሁ። ስንቱን ሰው አስቀምጬ፣ እኔ ቤት እንግዳ ቢመጣ የሚቀመጥበት የለም። ደግሞ የሚያስቀው፣ ያንኑ አንዱን ወንበር ትቼ ቆሜ ነው የምበላው። ልክ እንደ አንቺ፣ ምድጃው ሥር። ማታ በሩን ከፍቼ ስገባ ከአፌ ስለማይጠፋ «ደህና አመሻችሁ» እላለሁ። ለማን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ለምን እንዳልነገርኩሽ ታውቂዋለሽ። ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። እሷና እኔ ስንጋባም ከሁሉ በላይ የተደሰትሽው አንቺ ነበርሽ። ቤቴን ያየሽው ሞልቶ፣ ሰው ሲሳሳቅበት ነው። እባክሽ እንደዚያው ይቅርልሽ። ልምጣ እንዳትዪ። ካንቺ ጋር አንድ ሳምንት ብቀመጥ ደግሞ ሳምንቱ ሲያልቅ ተመልሼ እዚህ ቤት መግባት አልችልም፤ እሱን ነው የምፈራው።

ባለ መስታወቷን ያዢ። እሷ እዚህ አትቆምም።

ወንድምሽ


የካቲት 8፣ መርከብ ላይ

ሚስማሬ፣

አረንጓዴዋን ያዝኩ። እንዳትቆጣ።

ወኪሏ «በዲዛይኗ ነው ወይስ በምግቧ የመረጧት?» ስትለኝ «በወንበሯ» አልኳት፤ እሷም እንደ ቀልድ ወሰደችው። ጎረቤት ይዘሽ ሂጂ ያልከኝን አልሰማሁህም። ለሁለት እንዳስያዝኩ ብቻዬን ተሳፈርኩ።

ይህን የምጽፍልህ ከመጀመሪያው እራት በኋላ ነው፤ ነገ ከምንቆምበት ወደብ በአስቸኳይ ፖስታ እልክልሃለሁ። ክፍሌ ትንሽ ናት፣ ግን ሁሉም ነገር ቦታ ቦታ አለው፤ የመብራቱ ማጥፊያ እንኳን ተኝተህ እጅህ የሚደርስበት ላይ ነው። ይህን ያሰበው ሰው ይባረክ። ሁለተኛው አልጋ እንደተነጠፈ ነው። ሻንጣዬን እሱ ላይ አስቀመጥኩት፤ ባዶውን ከማየው ብዬ።

ምግብ ቤቱ አንተ እንዳልከው ነው። መብራቱ ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው የሻይ ቀለም፣ ሰዉ ድምፁን ቀንሶ የሚያወራበት። ወንበርህ ላይ ተቀመጥኩ፤ እውነትህን ነው፣ ተቀበለኝ። ሰው ሳያየኝ ከሥሩ ስፌቱን ዳሰስኩት። ሾርባው ሲመጣ ሳህኑ ትኩስ ነበር፣ አላልኩህም? ዓሣው ከላይ ቆዳው ኩርሽም ብሎ፣ ውስጡ ገና ለስላሳ ሆኖ መጣ። ጨው ነበረው። አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ «የጎደለ ነገር አለ?» አለኝ። ዕድሜ ልኬን ያልተጠየቅሁት ጥያቄ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ምን ሆነ መሰለህ? እንደተቀመጥኩ አንዱ መጣና ፊት ለፊቴ ያለውን ሹካና ቢላዋ፣ ብርጭቆውንም፣ ድምፅ ሳያሰማ መሰብሰብ ጀመረ። ብቻዬን መሆኔን አይቶ ነው። ሥራው ነው፣ በጨዋ ደንብ ነው የሚያነሳው። እኔ ግን ከመላው መርከብ ፊት ስሜ ተጠርቶ ብቸኝነቴ የተነገረብኝ መሰለኝ። «ይተውልኝ» አልኩት። «የሚጠብቁት ሰው አለ?» አለኝ። «አለ፤ አምስተኛው ቀን ላይ ነው የሚገባው» አልኩት። ሁሉንም መልሶ ደረደረልኝ።

ከተማህ ስንደርስ ከጠዋት ጀምሮ የወደቡ በር ላይ እቆማለሁ። ቤትህን አሳየኝ አልልህም። ወደብ ላይ ብቻ ና። አንድ ቀን አብረን እንብላ።

እህትህ


የካቲት 12፣ በወደቡ ጽሕፈት ቤት በኩል

ለውድ እትዬ፣

ድንገት ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ላኩኝ። ይህን ስታነቢ መንገድ ላይ ነኝ። ወደቡ ላይ ቆመሽ እንዳትደክሚ ብዬ ነው። ትራሱን አብሬ ልኬልሻለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ። መልካም ጉዞ።

ወንድምሽ


የካቲት 12፣ በርህ ላይ የተለጠፈ

ሚስማሬ፣

ማስታወሻህን ከነትራሱ ሰጡኝ። ትራሱን አቅፌ ብዙ ቆምኩ። ከዚያ ተመልሼ መርከቧ ላይ ወጣሁና ሻንጣዬን ይዤ ወረድኩ። ሻንጣ ይዞ የሚወርድ ሰው በዕቃ ማውረጃው በኩል ነው የሚወጣው አሉኝ፤ ለዚህ ነው ያላየኸኝ። አንተ የምታየው ላይ ላዩን፣ የመርከቧን በረንዳ በረንዳ ነው።

አዎ፣ እዚያ መሆንህን አውቄአለሁ። በርህ ላይ ያገኘኋትን አከራይህን «ወንድሜ ሌላ ከተማ ሄዷል አሉኝ» ስላት «የምን ሌላ ከተማ! ጠዋት ጺሙን ተላጭቶ፣ ካፖርቱን ለብሶ፣ ወደ ወደቡ ሲወርድ በዓይኔ ነው ያየሁት» አለችኝ። አጥሩ ሥር ቆመህ እኔን በሩቁ አይተህ ልትሸኘኝ ነው፣ አይደል? ሞኝ ነህ። ከልጅነትህ ጀምሮ ሞኝ ነህ።

መልኬን አይታ ነው መሰለኝ፣ ምንም ሳትጠይቀኝ ከፈተችልኝ። ቤትህን አየሁት። ጸጥ ይላል፣ ውሸት የለውም። አንዱን ወንበር አየሁት። ከዚያ መስኮቱ ሥር ሁለተኛውን አየሁ። ያንኑ ጥቁር አረንጓዴ ቆዳ ግማሹን ለብሶ፣ ግማሹ ሽቦው እንደገጠጠ፣ መዶሻህ አጠገቡ። ሚስማሮቹም መሬቱ ላይ ተበትነዋል። ሲቻኮልበት የነበረ ሰው ሥራ ነው። ለማን እንደሆነ አልጠይቅህም። ስላላለቀልህ ነው የሸሸኸኝ? እህትህን ባላለቀ ወንበር ላይ ላለማስቀመጥ?

ማታ መርከቧ ጡሩምባዋን ነፍታ ስትሄድ አጥሩ ሥር ሆነህ ታያታለህ። እኔን ፈልገህ ብታጣኝ እንዳትደነግጥ። እኔ ላይዋ የለሁም። ያን ለሁለት የተያዘ ጠረጴዛ ሌላ ሰው ይቀመጥበት፤ ሹካውንም ያንሱት።

ሾርባ ጥጄአለሁ። ድስትህ ትንሽ ስለሆነች እንደ ልማዴ አላበዛሁም፤ ልክ ለሁለት ሰው ነው። ጨው አለው። ጥሩው ወንበር ያንተ ነው፤ እኔ ያላለቀው ላይ የላክልኝን ትራስ ደርቤ እቀመጣለሁ። ቆሞ መብላት ግን ዛሬ የለም።

እስከ መቼ እንደምቀመጥ አሁን አትጠይቀኝ። እኔም ወደ ሞላ ቤት አይደለም የምመለሰው።

ይህን ካነበብክ ቁልፍህን ኪስህ ውስጥ ተወው። ዛሬ አንኳኳ፤ ከውስጥ የሚከፍትልህ ሰው አለ።

እህትህ